ያን ፊልም በእርግጥ ሲኒማ ቤት ነው ያያችሁት? የፊልም ትዝታን የማጣሪያ ዝርዝር መመሪያ

አንድ ፊልም ሲኒማ ቤት ገብታችሁ እንዳያችሁ ትምላላችሁ። ከማን ጋር እንደሄዳችሁ፣ የት እንደተቀመጣችሁ፣ መጨረሻው ላይ ማን እንዳለቀሰ ሁሉ ታወራላችሁ። ከዚያ አብሮኝ ነበር የምትሉት ሰው «እኔ? ያን ፊልም እስከ ዛሬም አላየሁትም» ይላችኋል።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ስልኩን አውጥቶ የፊልሙን ስም ይፈልጋል። ነገሩ የሚበላሸውም እዚያው ነው። ፖስተሩን ካያችሁ፣ ቅንጭቡን ከከፈታችሁ በኋላ የጥንቱና የዛሬው ይደባለቃል። የፈሰሰ ውሃ ደግሞ አይታፈስም።

ስለዚህ እዚህ ሥራ ላይ ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ከታች ያሉትን ደረጃዎች አትዝለሉ። በተለይ የመጨረሻዎቹን ወደ ፊት አታምጡ።

## ከመጀመራችሁ በፊት

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ወረቀት፣ ሰማያዊ፣ ጥቁርና ቀይ እስክሪብቶ፣ ማንም የማይረብሻችሁ አንድ ሰዓት። ኮምፒውተር ላይ መጻፍ ይቻላል፤ እኔ ግን ወረቀት እመርጣለሁ። ኮምፒውተር ላይ የተሰረዘ ነገር ደብዛው ይጠፋል። ወረቀት ላይ የሰረዛችሁት ግን ይታያል፤ ምን ብላችሁ እንደጀመራችሁና የት ላይ ሐሳባችሁን እንደቀየራችሁ ይናገራል።

እስከ ደረጃ 4 ድረስ እነዚህን አታድርጉ፦

- የፊልሙን ስም ጎግል አታድርጉ።
- ዩቲዩብ ላይ ቅንጭብ አትክፈቱ (ይህ እስከ ደረጃ 8 ይቆያል)።
- አብሯችሁ ነበረ ለምትሉት ሰው አትደውሉ (ይህ እስከ ደረጃ 6 ይቆያል)።
- ቻትቦት አትጠይቁ። «መጨረሻ ላይ ድልድዩ ይፈርሳል አይደል?» ብትሉት፣ ድልድይ የሚባል ነገር ባይኖርም «አዎ» ሊላችሁ ይችላል።

ቀድማችሁ አድርጋችሁት ከሆነስ? ሥራው አልሞተም። ወረቀቱ አናት ላይ ምን እንዳያችሁና መቼ እንዳያችሁ ጻፉ፦ «ትናንት ማታ ፖስተሩንና የ2 ደቂቃ ቅንጭብ አይቻለሁ።» ከዚህ በኋላ ከፖስተሩና ከቅንጭቡ ሊመጣ የሚችል ዝርዝር ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። ልብሱ፣ የተዋናዩ ፊት፣ ታዋቂዋ ንግግር፣ ሁሉም።

ቀጥሎ ጥያቄያችሁን በአንድ መስመር ጻፉ። የትኛው ፊልም ነበር? መቼ ነው ያየሁት? ከማን ጋር? ሲኒማ ቤት ወይስ ቤት ውስጥ? አንዱን ምረጡ። አራቱን አንድ ላይ ለመመለስ የሚነሳ ሰው አንዱ መልስ ሌላውን እየጎተተበት ይሳሳታል። «ከእሷ ጋር ከሆነ እንግዲህ ያኔ ነው፤ ያኔ ከሆነ ደግሞ እዚያ ሲኒማ ቤት ነው» እያለ ይቀጥልና መጨረሻ ላይ ሙሉ ታሪክ ይኖረዋል። ማስረጃ ግን የለውም።

## ደረጃ 1፦ እንደመጣላችሁ ጻፉ

1. ስልካችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጡ።
2. ዓይናችሁን ጨፍኑ። ከፊልሙ አትጀምሩ፤ ከመንገዱ ጀምሩ። በምን ሄዳችሁ? ሰልፍ ነበር? ምን ለብሳችሁ ነበር? ስትገቡ መብራት ነበር ወይስ ፊልሙ ጀምሯል? ከፊታችሁ የተቀመጠ ሰው ይጋርዳችሁ ነበር?
3. ለ20 ደቂቃ የመጣውን ሁሉ ጻፉ። የማይረባ የሚመስለውንም ጻፉ። ወንበሩ ይንጫጫ ነበር? ጻፉት።
4. አሁን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ጻፉ። ከሲኒማ ቤቱ ስትወጡ ብርሃን ነበር ወይስ መሽቶ ነበር? ከዚያ በፊትስ? ከዚያስ በፊት?

ይህን መንገድ እኔ አልፈጠርኩትም። ሮናልድ ፊሸርና ኤድዋርድ ጋይዝልማን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በ1980ዎቹ (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ፖሊስ የዓይን ምስክሮችን ሲጠይቅ እንዲጠቀምበት ካዘጋጁት ዘዴ የተወሰደ ነው። ወደ ኋላ መጻፉ የሚጠቅመው አንድ ነገር ስለሚሰብር ነው። ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው ስንተርክ ትኬት ቆረጥን፣ ገባን፣ መብራት ጠፋ እያልን ሁልጊዜ የሚሆነውን እንደረድራለን። ያን ቀን የሆነውና ሁሌ የሚሆነው ይቀላቀላል። ከኋላ ስትመጡ ግን ያ የለመደ መስመር ይቆረጣል።

ማስጠንቀቂያ። ክፍተት አትሙሉ። የማታስታውሱት ቦታ ላይ «አላስታውስም» ብላችሁ ጻፉ። ስድስት ቦታ ላይ «አላስታውስም» ያለበት ወረቀት፣ ምንም ክፍተት ከሌለው ወረቀት ይልቅ ያስተማምነኛል።

ምንም ካልመጣስ? ተዉት። ነገ ተመለሱበት። «እስኪ ይህን ቢመስልስ» እያላችሁ አትሳሉ። ያልሆነን ነገር ደጋግሞ በዓይነ ሕሊና መሳል ብቻውን፣ ነገሩ በእርግጥ ሆኗል የሚል ስሜት ይጨምራል። በሦስተኛው ቀን የሚመጣላችሁ «ትዝታ» የሰኞው ግምታችሁ ሊሆን ይችላል።

ስትጨርሱ ቀን ጻፉበት፣ ፈርሙበት፣ ፎቶ አንሱት። ይህ ቢሮክራሲ ሊመስል ይችላል። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የቻሌንጀር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ስትፈነዳ ኡልሪክ ናይሰርና ኒኮል ሃርሽ የተባሉ ተመራማሪዎች በማግስቱ የኮሌጅ ተማሪዎችን ዜናውን የት ሆነው እንደሰሙ በጽሑፍ ጠየቋቸው። ከሁለት ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ 44ቱን መልሰው ጠየቁ። 11ዱ አንድም ዋና ነጥብ አላገኙም። ብዙዎቹ ደግሞ በስህተቱ ላይ እርግጠኛ ነበሩ። የራሳቸውን የእጅ ጽሑፍ ሲያዩ እንኳ ሐሳባቸውን ያልቀየሩ ነበሩ። እናንተም ከወር በኋላ ከዚህ ወረቀት ጋር ልትጣሉ ትችላላችሁ። ያኔ ወረቀቱን እመኑ።

## ደረጃ 2፦ ከየት እንደመጣ በቀለም ለዩ

ወረቀቱን መስመር በመስመር አንብቡና በሦስት ቀለም አስምሩበት።

- ሰማያዊ፦ በዓይኔ ያየሁት፣ በጆሮዬ የሰማሁት።
- ጥቁር፦ ሰው የነገረኝ፣ ያነበብኩት፣ በኋላ በቴሌቪዥን ያየሁት።
- ቀይ፦ «መሆን አለበት» የምለው። «ቅዳሜ መሆን አለበት፤ ሌላ ቀን ሥራ ነበረኝ» ዓይነቱ።

ብዙ ሰው መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ሰማያዊ ያደርገዋል። ከዚያ አንድ መስመር ላይ ቆሞ «ይህን ግን እህቴ አይደለች እንዴ የምታወራው?» ይላል። ያቺ ጥያቄ ከመጣች ሰማያዊው ይነሳል።

ለመለየት የሚረዱ ምልክቶች አሉ። ራሳችሁን ከውጭ ሆናችሁ የምታዩ ከሆነ፣ ማለትም ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ስትስቁ ከፊት ለፊት የምትታዩ ከሆነ፣ ሥዕሉ በኋላ የተሠራ ወይም የተጠገነ ነው። ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ ዝርዝሩን ግን አትመኑት። ጨለማ ውስጥ የአጠገባችሁን ሰው ፊት ጥርት አድርጋችሁ የምታስታውሱ ከሆነም ቆም በሉ። በምን ብርሃን አያችሁት?

ሥዕሉ ጥርት ያለ መሆኑ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 1992 አምስተርዳም ውስጥ አንድ የጭነት አውሮፕላን ከመኖሪያ ሕንፃ ጋር ተጋጨ። ግጭቱ በሚሆንበት ቅጽበት የቀረጸ ካሜራ አልነበረም። ተመራማሪዎች ከወራት በኋላ ሰዎችን «አውሮፕላኑ ሕንፃውን ሲመታ የሚያሳየውን ፊልም በቴሌቪዥን አይታችኋል?» ብለው ጠየቁ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «አዎ» አሉ። የሌለ ፊልም ነው እንግዲህ። ሰዎቹ ውሸታሞች አልነበሩም። ዜናውን ሰምተዋል፣ ፍርስራሹን አይተዋል፣ የቀረውን ጭንቅላታቸው ሠራው።

ቀለሙን መወሰን ካልቻላችሁ መስመሩን በሁለት ቀለም አስምሩና እለፉ። እዚህ ላይ ጊዜ አታጥፉ።

## ደረጃ 3፦ የጊዜውን አጥር ሥሩ

«መቼ ነበር?» ብላችሁ ራሳችሁን በቀጥታ አትጠይቁ። ትዝታ ቀን አይመዘግብም። የራቀ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእውነቱ የቀረበ ይመስላል። «አምስት ዓመት ቢሆነው ነው» ያላችሁት ስምንት ሊሆነው ይችላል።

በምትኩ በወረቀት ልታረጋግጧቸው የምትችሉ የሕይወታችሁን ክስተቶች ደርድሩ። ትምህርት ቤት የቀየራችሁበት፣ ቤት የለወጣችሁበት፣ ሥራ የጀመራችሁበት፣ ልጅ የተወለደበት። ከዚያ ጠይቁ። ይህን ፊልም ሳይ እዚያ ቤት ነበርኩ? መነጽር ማድረግ ጀምሬ ነበር? ከዚያ ሰው ጋር ተዋውቀን ነበር?

«ከዚህ በፊት ሊሆን አይችልም»፣ «ከዚህ በኋላ ሊሆን አይችልም» የሚሉ ሁለት መስመሮች ካገኛችሁ በቂ ነው። ሦስት ዓመት የሚያህል ስፋት ቢኖረው አይገርምም። ጠባብ ለማድረግ አትታገሉ።

## ደረጃ 4፦ ፊልሙን ለዩ

አሁን ኢንተርኔት መክፈት ይቻላል። ግን በጥንቃቄ።

1. መጀመሪያ በጽሑፍ ብቻ ፈልጉ። ታሪኩን በሁለት መስመር ጻፉና ፈልጉ። ሥዕልና ቪዲዮ የሚያሳየውን ገጽ አትንኩ።
2. ከሰማያዊዎቹ መስመሮች ብቻ ተነሱ። ቀዩን ከጨመራችሁ ፍለጋው ወደ ግምታችሁ ይወስዳችኋል።
3. ቢያንስ ሦስት እጩ ፊልሞች ያዙ። አንድ ብቻ ካገኛችሁ ትዝታችሁ ወዲያው ይለብሰዋል።
4. ለእያንዳንዱ እጩ የወጣበትን ቀን እዩ። የዓለም መጀመሪያ ቀኑን ሳይሆን እናንተ በነበራችሁበት አገር የታየበትን። አይኤምዲቢ በሚባለው የፊልም መረጃ ድረ ገጽ ላይ የየአገሩ ቀን ለብቻው ተዘርዝሮ ይገኛል። ፊልም በጥቅልል ክር ላይ ታትሞ ከአገር አገር በሚዞርበት ዘመን በሁለት አገሮች መካከል የወራት፣ አንዳንዴም የዓመታት ልዩነት ነበር።
5. በደረጃ 3 ከሠራችሁት አጥር ጋር አስተያዩ። ከአጥሩ ውጭ የወደቀውን ሰርዙ። ከመሰረዛችሁ በፊት ግን እንደገና ለሲኒማ ቤት የቀረበበት ዓመት ካለ አረጋግጡ። ድጋሚ የሚታዩ ፊልሞች ብዙ ሰው አሳስተዋል።

ፊልሙ ጨርሶ ካልተገኘስ? ሁለት ነገር ጠርጥሩ። አንደኛው፣ ሁለት ፊልሞች ተጣብቀዋል። ይህ በጣም የተለመደ ነው። በተለይ አንድ ተዋናይ የሠራባቸው ሁለት ፊልሞች፣ ወይም ክፍል አንድና ክፍል ሁለት። ወረቀታችሁን ለሁለት ቁረጡትና ግማሽ ግማሹን ለየብቻ ፈልጉ።

ሁለተኛው፣ ፊልሙ የለም። ሳቅ አይደለም። ሲንባድ በሚል ስም የሚታወቀው አሜሪካዊ ኮሜዲያን በ1990ዎቹ የጂኒ ፊልም እንደሠራ ብዙ ሰዎች ይምላሉ። የቪዲዮውን ሽፋን ሳይቀር ይገልጻሉ። እንዲህ ያለ ፊልም ግን የለም። ያለው የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ሻኪል ኦኒል ጂኒ ሆኖ የሠራበት የ1996ቱ «ካዛም» ነው። «እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ሁሉም ሰው ያስታውሰዋል» የሚለው መከራከሪያ እንግዲህ እዚህ አይሠራም።

## ደረጃ 5፦ ሲኒማ ቤት ነው ወይስ ቤት?

አብዛኛው ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ይህ ነው። እኔም ተሰናክያለሁ።

አንድ የጦርነት ፊልም ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሲኒማ ቤት ገብቼ እንዳየሁ ለዓመታት አወራሁ። መሐል ላይ መብራት ጠፍቶ ሕዝቡ ሲያፏጭ ሳይቀር። ወንድሜ ያኔ ለትምህርት ሌላ ከተማ ነበር። ፊልሙን ያየሁት ከሁለት ዓመት በኋላ በካሴት ነው፣ ከአክስቴ ልጅ ጋር። መብራቱና ፉጨቱ እውነት ነበሩ። ግን የሌላ ፊልም ነበሩ።

ጭንቅላት ፊልሙን በአንድ ኪስ፣ ሲኒማ ቤቱን በሌላ ኪስ ያስቀምጣል። ስለዚህ ለየብቻ መርምሯቸው። ወረቀታችሁ ላይ ከእነዚህ አንዱ አለ?

ወደ ሲኒማ ቤት የሚያደሉ፦

- ሥዕሉ ቀኝ አናት ጥግ ላይ ብልጭ ብላ የምትጠፋ ክብ ነጥብ። ይህቺ የክር መቀየሪያ ምልክት ናት። አንዱ የፊልም ጥቅልል ሲያልቅ ለማሽን ሠራተኛው ትነግረዋለች። መጀመሪያ አንዷ ትታያለች፣ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ሁለተኛዋ። አንድ ጥቅልል 20 ደቂቃ ገደማ ስለሚሄድ ነጥቡ በየዚያው ልክ ይመለሳል። ነገር ግን ከክር ተገልብጠው የተሠሩ ካሴቶችና የቴሌቪዥን ቅጂዎች ላይም ነጥቡ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ይህ ምልክት ለብቻው አይፈርድም።
- ክር መበጠስ፣ ሥዕል መቃጠል፣ የሕዝቡ ጩኸት።
- ከጀርባ የሚመጣ የብርሃን ጨረርና ጨረሩ ውስጥ የሚንሳፈፍ አቧራ።
- ከፊልሙ በኋላ ዓይናችሁ ከብርሃን ጋር የታገለበት ቅጽበት።

ወደ ቤት የሚያደሉ፦

- ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ አንዱ ከሥዕሉ ውጭ የቀረበት ትዕይንት። ሰፊ ሆኖ የተሠራ ፊልም ለድሮው አራት ማዕዘን ቴሌቪዥን ሲዘጋጅ ግራና ቀኙ ይቆረጥ ነበር።
- ማቆም፣ መመለስ፣ «እስኪ ያቺን ቦታ ድገማት» መባባል።
- በመሐል የገባ ማስታወቂያ ወይም ዜና።

ስለ ርዝመት አንድ ነገር ልጨምር። «ፊልሙ ሁለት ሰዓት ነበር፣ ይህ ግን አጭር ነው፤ ስለዚህ ሌላ ቅጂ ነው» የሚሉ አሉ። ሲኒማ ቤት ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ሥዕል) ይሄዳል። ፓል የሚባለውን ሥርዓት የሚጠቀሙ ቴሌቪዥኖች ደግሞ 25 ፍሬም ነው የሚያሳዩት። ስለዚህ 120 ደቂቃ የነበረው ፊልም አንድም ትዕይንት ሳይቆረጥ ወደ 115 ደቂቃ ይወርዳል። በዚያ ላይ ሰው ያየው ነገር ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ማስታወስ ላይ ደካማ ነው። ባርባራ ፍሬድሪክሰንና ዳንኤል ካነማን በ1993 ባሳተሙት ጥናት ርዝመታቸው የተለያየ አጫጭር ቅንጭቦችን ለሰዎች አሳይተው ነበር። ሰዎቹ በኋላ ቅንጭቡን ሲመዝኑ የርዝመቱ ነገር እምብዛም አልታሰባቸውም፤ ዋናው በጣም የከበደው ቅጽበትና መጨረሻው ነበር። እናም «ረጅም ነበር» የሚለውን መስመር ቀይ አድርጉት።

ምልክቶቹ ከተጋጩ ደስ ይበላችሁ። ሁለት ጊዜ አይታችሁታል ማለት ሊሆን ይችላል፤ አንዴ እዚያ፣ አንዴ ቤት።

## ደረጃ 6፦ ሰዎችን ጠይቁ

እስካሁን ያቆየሁት በምክንያት ነው። ሰው ስትጠይቁ የእሱን ትዝታ ብቻ አይደለም የምትቀበሉት፤ የራሳችሁንም ትሰጡታላችሁ።

1. አንድ በአንድ ጠይቁ። በቡድን ቻት ውስጥ አትለጥፉ። የመጀመሪያው የመለሰው ሰው የሌሎቹን ሁሉ ትዝታ ይጽፍላቸዋል።
2. ክፍት ጥያቄ ጠይቁ። «ያን ፊልም ያየህበትን ቀን እስኪ ንገረኝ» በቃ። «ያኔ መብራት ጠፍቶ ነበር አይደል?» አትበሉ።
3. ዝም በሉ። ሲናገር ጭንቅላታችሁን አትነቅንቁ፣ «አዎ አዎ!» አትበሉ። እርግጥ ነው ይከብዳል።
4. ቃል በቃል ጻፉ። «የሆነ ጨለማ ነገር ነበር» ካለ እሱኑ ጻፉ። «መብራት መጥፋቱን አረጋገጠ» ብላችሁ አትተርጉሙ።
5. ከማን እንደሰማ ጠይቁ። «አንተ ራስህ ታስታውሰዋለህ ወይስ እኔ ነግሬህ ነው?» ይህ ጥያቄ ብቻ ብዙ ምስክር ያሰናብታል። እናንተ ለዓመታት ስታወሩ የሰማ ሰው መልሶ ለእናንተ ይመሰክራል።

የቃል ምርጫ ይህን ያህል ነው ወይ የሚል ካለ፣ ነው። በ1974 ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር ለ150 ተማሪዎች የመኪና ግጭት የሚያሳይ አጭር ፊልም አሳዩ። ከዚያ ለ50ዎቹ መኪኖቹ «ሲላተሙ» ምን ያህል ይፈጥኑ ነበር አሏቸው፤ ለሌሎቹ 50 ደግሞ «ሲጋጩ» በሚል ለዘብ ያለ ቃል ጠየቁ። የቀሩት 50 ስለ ፍጥነት አልተጠየቁም። ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ተባሉ። ፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። ከባዱን ቃል ከሰሙት 16ቱ አይተናል አሉ፤ ቀላሉን ከሰሙት 7ቱ፤ ካልተጠየቁት 6ቱ። ያየነው ፊልም ላይ አንዲት ቃል ይህን ካደረገች፣ ከ20 ዓመት በኋላ የምትጠይቁት ጥያቄ ምን እንደሚያደርግ አስቡት።

ምስክሩ ተቃራኒ ከተናገረስ? አትከራከሩ። «አይ ተሳስተሃል፣ አንተ ነበርክ» ካላችሁ ሁለት ነገር ይሆናል። ወይ ይናደዳል፣ ወይ ይስማማል። መስማማቱ ይብሳል። አመስግኑት፣ ጻፉት፣ ሂዱ።

በዕድሜ የገፉ ወላጆችን ስትጠይቁ ጊዜ ስጡ። «ካላስታወሱት ምንም አይደለም» በሏቸው። ልጅን ላለማሳዘን ብለው «አዎ፣ ወስጄህ ነበር» የሚሉ አሉ። ያ ፍቅር ነው፤ ማስረጃ አይደለም።

## ደረጃ 7፦ ወረቀት ፈልጉ

ይህን በፍጥነት ልለፈው፤ የት እንደሚፈለግ ሁሉም ያውቃል። የትኬት ቁራጭ፣ ደብተር፣ ደብዳቤ፣ የዚያን ጊዜ ጋዜጣ ላይ የወጣ የፊልም ማስታወቂያ፣ የባንክ መልእክት፣ የድሮ ኢሜይል፣ ስልክ ላይ የተከማቸ የመገኛ ቦታ ታሪክ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ብቻ። ፎቶ ፋይል ላይ ያለው ቀን ፎቶው ሲነሳ የካሜራው ሰዓት ያሳይ የነበረው ቀን ነው፤ ካሜራው ካልተስተካከለ ቀኑም የተሳሳተ ነው። በቻት የተላከ ፎቶ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተነሳበትን ቀን ጥሎ የወረደበትን ይይዛል። ከቻላችሁ ዋናውን ፋይል ጠይቁ።

ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ማግኘት ፊልሙ ለመታየቱ ማስረጃ ነው። እናንተ ስለማየታችሁ ግን ምንም አይልም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ይኸው!» ብሎ ያቆማል። አታቁሙ።

## ደረጃ 8፦ ፊልሙን እንደገና እዩት

ይህ የመጨረሻው የምርመራ ደረጃ ነው፤ መመለሻ የለውም። ካያችሁ በኋላ የድሮውን ሥዕል ለብቻው አታገኙትም። ስለዚህ ከደረጃ 1 እስከ 7 ያለውን ሳትጨርሱ አትክፈቱት።

ከማየታችሁ በፊት ወረቀቱን አውጡና አምስት ትንበያ ጻፉ። «እናትየዋ ደብዳቤውን ታቃጥላለች።» «መጨረሻው ዝናብ ነው።» «ባለ ቀለም ፊልም ነው።» ከዚያ እያያችሁ ትክክል ወይም ስህተት ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ሳትጽፉ ካያችሁት ሁሉም ነገር «አዎ፣ ይህን አስታውሰው ነበር» ይመስላል። በተለይ ንግግሮችን አትመኑ። ሰው ሁሉ ከ1942ቱ «ካዛብላንካ» የሚጠቅሳት «ድገማት እንጂ፣ ሳም» የምትል መስመር ፊልሙ ውስጥ በዚያ መልክ የለችም።

ያስታወሳችሁት ትዕይንት ከሌለስ? ወዲያው ተሳስቻለሁ አትበሉ። በቅደም ተከተል እነዚህን አጣሩ፦

1. ሌላ ቅጂ አለ? አንዳንድ ፊልም ከአንድ በላይ ቅጂ አለው። «ብሌድ ራነር» በ1982 ለሲኒማ ቤት ሲወጣ የዋናው ገጸ ባሕርይ ትረካ ነበረው፤ በ1992ቱ ቅጂ ትረካው ወጣ። ትረካ የምታስታውሱ ከሆነ ስህተቱ የእናንተ ላይሆን ይችላል። የትኛውን እንዳያችሁም ይነግራችኋል።
2. ተቆርጦ ነበር? በሳንሱር፣ በቴሌቪዥን ጣቢያ ወይም በአውሮፕላን ማሳያ።
3. ማስታወቂያ ቅንጭቡ ላይ ነበር? በቅንጭብ ታይተው ዋናው ፊልም ላይ ያልገቡ ትዕይንቶች አሉ።
4. ሌላ ፊልም ውስጥ ነው? ወደ ደረጃ 4 እጩዎች ተመለሱ።
5. አራቱም ካልሆነ፣ እናንተ ሠርታችሁታል። ጥሩ ዳይሬክተር ናችሁ።

ፊልሙ ከትዝታችሁ በጣም የባሰ ከሆነ አትደንግጡ፤ ፊልሙ አልተለወጠም። ይህ ማስረጃ ስላልሆነ ወረቀቱ ላይ አታስገቡት።

## ደረጃ 9፦ ውጤቱን መዝግቡ

እያንዳንዱን መስመር ከአራቱ አንዱን ስጡት፦ የተረጋገጠ (ወረቀት ያለው)፣ የተደገፈ (እርስ በርስ ያልተነጋገሩ ሁለት ሰዎች ያሉት)፣ የእኔ ብቻ፣ የተሳሳተ። «የእኔ ብቻ» የሚለው ዓምድ ረጅም ይሆናል። ይሁን።

የተሳሳተውን አትሰርዙት። ከጎኑ ከየት እንደመጣ ጻፉ፦ «ፉጨቱ ከሌላ ፊልም»፣ «ዝናቡ ከፖስተሩ»። ሦስት አራት ፊልም ካጣራችሁ በኋላ የራሳችሁን የስህተት ዓይነት ታውቁታላችሁ። የእኔ ሁልጊዜ ሰው ላይ ነው፤ አብሮኝ ያልነበረን ወንድሜን አስገባለሁ። ቦታና ወንበር ላይ ግን እምብዛም አልሳሳትም። አሁን ሌላ ትዝታ ሳጣራ መጀመሪያ የምጠረጥረው አብሮኝ ነበር ያልኩትን ሰው ነው።

ለሚቀጥለው ፊልም ደግሞ ይህ ሁሉ ጣጣ እንዳይመጣ፣ በዚያው ማታ አምስት መስመር ጻፉ። ቀን፣ ቦታ፣ አብሯችሁ የነበረ ሰው፣ የተቀመጣችሁበት፣ አንድ ከስክሪኑ ውጭ የሆነ ነገር። የሌሎችን አስተያየት ከማንበባችሁና መንገድ ላይ ከመጨቃጨቃችሁ በፊት ይሁን። ትኬቱን ፎቶ አንሱት። በሙቀት የሚታተም የሚያብረቀርቅ ወረቀት ከሆነ፣ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥም ጽሑፉ በጊዜ ብዛት ደብዝዞ ይጠፋል።